የጅቦቹ ስድስት

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 2

ጅብ! ከስንቱ አውሬ መርጠው ጅብ! እየሳቅኩም እየተናደድኩም ነው የምጽፈው።

ዛሬ ከትምህርት በኋላ ትንንሾቹን ስካውቶች በስድስት በስድስት ከፈልኳቸው። ሃያ አራት ልጅ አንድ ላይ ሲንጫጫብኝ መሪ አይደለሁም፣ ገበያ መሐል ልጅ የጠፋባት ሴት ነኝ። ሲከፈሉ ግን እያንዳንዱ ስድስት የራሱ ስም፣ የራሱ ስካርፍ፣ የራሱ አለቃ ይኖረዋል። እርስ በርሳቸው ይጠባበቃሉ፣ እኔም እፎይ እላለሁ።

አከፋፈሉን በዕጣ አደረግኩት። ሆን ብዬ ነው። መምህራኑ "ጎበዞቹን ለብቻ" ይላሉ፣ ወላጆቹ "የኔን ከእገሌ ልጅ ጋር" ይላሉ። ለስካርፍ ከልብስ ሰፊው የለመንኩትን የጨርቅ ቁርጥራጭ ባርኔጣ ውስጥ ከትቼ "ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አውጡ" አልኳቸው። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ። ለአራተኛው ደህና ቀለም አጣሁለት፤ ከአንዲት ባልቴት ቀሚስ የተረፈ፣ ቡናማ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት ጨርቅ ነው። እሱ የደረሰው ልጅ ሁሉ ፊቱ ቅጭም አለ።

ስሙን እናንተው ምረጡ አልኳቸው። ቀዮቹ አንበሳ አሉ። ሰማያዊዎቹ ንስር። ቢጫዎቹ ነብር። ነጠብጣቦቹ ገና ሲማከሩ ከአንበሶቹ አንዱ "ለእናንተማ ጅብ ነው! ማስተዋል አለች አይደል?" ብሎ ጮኸ። ሳቅ በሳቅ ሆነ።

ማስተዋል የሸክላ ሠሪዋ የእትዬ ዘቢደር ልጅ ናት። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በእኛ አገር ሸክላ የሚሠራ ቤተሰብ ቡዳ ነው ይባላል፤ ቀን ሰው ነው፣ ሲመሽ ጅብ ይሆናል፣ በዓይኑ ሰው ይበላል። የእትዬ ዘቢደርን ድስት ገዝተው ወጥ ይሠሩበታል፣ እሷን ግን ከማዕዳቸው አያቀርቧትም። ሚሌኒየም ሊገባ ነው እየተባለ!

የልጁን ጆሮ ልይዝ ስነሳ ማስተዋል ቀደመችኝ።

"እሺ፣ ጅብ እንሁን" አለች።

ከዚያ ወደ አንበሶቹ ዞረች።

"ሲመሽ ሰው ሁሉ በሩን የሚዘጋው ማንን ፈርቶ ነው? አንበሳን ነው?"

ከነጠብጣቦቹ መሐል ናቲ፣ ያ ሆዳሙ፣ ትንሽ አሰበና "እውነቷን ነው፤ እኔ እዚህ አገር አንበሳ አይቼ አላውቅም" አለ። በቃ፣ አለቀ! ስሙን ያወጣችው እሷ ስለሆነች አለቃም እሷ ትሁን ተባለ። ጩኸታቸውንም እዚያው ፈለሰፉ፦ አለቃዋ "አዉዉ" ስትል አምስቱ ይመልሳሉ። ዘበኛው ከጎጆው ብቅ ብሎ አየን።

ልከለክል ይገባኝ ነበር? ስድስቱ ስሙን ራሱ ይመርጣል ያልኩት እኔው ነኝ። ቃሌን የምበላ ሴት አይደለሁም። ማስተዋል ስትሄድ ያንን የአሮጊት ጨርቅ አንገቷ ላይ አስራው፣ ጫፉን እየዳበሰች ነበር።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 3። በዓታ።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቤት ገብቷል። ለምሳ ስሄድ እማዬ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ፣ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ ጠበቀችኝ። የናቲ እናት እናኑ ከቅዳሴ በኋላ ሴቱን ሁሉ ሰብስባ "መምህርት የሺ ልጄን ከቡዳ ጋር አቆራኝታ ጅብ ብላ ሰየመችብኝ" ስትል ነበር አሉ።

"ምን ነክቶሽ ነው አንቺ ልጅ?" አለችኝ እማዬ።

"እማዬ፣ ከእትዬ ዘቢደር ስንት ድስት ገዝተሻል?"

"ድስትና ማዕድ ምን አገናኘው?"

"ወጡ ታዲያ ከየት ነው የሚወጣው?"

ወደ ጓዳ ገባች። ከሰዓት ክፍል ውስጥ ቦርሳዬን ስከፍት ደብተሮቹ መሐል አንድ ጭብጥ ጤና አዳም ተወሽቋል። ለቡዳ መከላከያ መሆኑ ነው። አይ እማዬ! መጣሉ አሳዘነኝና መምህራን ክፍል ሻዬ ውስጥ ነከርኩት። ጣፈጠኝ።

ሻዬን ሳልጨርስ ጋሽ አዳሙ መጡ። የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ፣ ከተማው ውስጥ ባልና ሚስት ሲጣላ የሚጠሩ ሽማግሌ። ክፉ ሰው አይደሉም። ችግሩ እሱ ነው፤ ክፉ ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር።

"የሺ ልጄ፣ ሦስት ነገር ብቻ ነው የምለምንሽ። ስሙን እርግብ በይው። አለቅነቱን ለሌላ ልጅ ስጪ። ልጅቷም አትባረር፣ እኔ አልወድም፤ ግን ቅዳሜ ለብቻዋ በሳህን ትብላ።"

ቅዳሜ ልጆቹ ቃል የሚገቡበት ቀን ነው። ስካርፋቸውን ያስራሉ፣ ቃላቸውን ይላሉ፣ ከዚያ ለእያንዳንዱ ስድስት አንድ ድፎ ዳቦ ይቀርባል። አለቃው በእጁ ቆርሶ ለጓደኞቹ ያድላል፣ ሁሉም ከአንድ ትሪ ይበላል። እኔ ያመጣሁት ሥርዓት ነው። የሰው ልጅ አብሮት የበላውን ሰው በቀላሉ አይክድም ብዬ አምናለሁ። እና አሁን ማስተዋል በእጇ ቆርሳ ለእናኑ ልጅ ልትሰጥ ነው። የሁሉም ጭንቀት ይኸው ነው፣ ስሙ ሰበብ ነው።

"ጋሼ፣ ዕጣ ነው አንድ ላይ ያደረጋቸው" አልኳቸው።

"ዕጣማ የእግዜር ነው። ለሰው ደግሞ ብልሃት ሰጥቶታል።"

"በይሁዳ ቦታ ማትያስ በዕጣ ሲገባ ሐዋርያት ሳህን ለዩበት?"

ሳቁ። "ምላስሽ!" አሉ፣ ከዚያ ኮስተር ብለው "የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል፣ ልጄ። ወላጅ ልጁን ካስወጣ ማንን ልትመሪ ነው?" ብለውኝ ሄዱ። እሱ ግን እውነት ነው። 

ሮብ፣ ታኅሣሥ 4

ማስተዋል ትምህርት ቤት አልመጣችም።

ከሰዓት ቤታቸው ወረድኩ። ከተማው አልቆ ቁልቁለቱ ሲጀምር፣ ባጃጅ የማይወርድበት ነው። ደጃፉ ላይ ድስትና ምጣድ ጥላ ውስጥ ተደርድሮ ይደርቃል። ማስተዋል ጭቃ ትረግጣለች፤ እግሯ እስከ ጉልበቷ ቀይ ሆኗል። አንገቷ ላይ ያ ነጠብጣብ ስካርፍ አለ። ስታየኝ ጎንበስ አለች።

እትዬ ዘቢደር እጇን በቀሚሷ ጠርጋ እንድቀመጥ ዱካ አቀረበችልኝ። ቁጣ ጠብቄ ነበር። አልተቆጣችም፤ ባሰብኝ።

"ተይን፣ እመይቴ። እኛ ለምደነዋል። እሷ ግን ገና ናት፤ መሳቂያ አታድርጊብኝ።"

"እትዬ ዘቢደር፣ ስሙን ያወጣችው እኮ ራሷ ናት።"

"አውቃለሁ። ማታ ነገረችኝ።" ልጇን ዘወር ብላ አየቻት። "ሰው ዕድሜ ልኬን በጀርባዬ የሚለኝን እሷ በፊት ለፊት አለችው። ልመታት እጄን አነሳሁ፤ ደግሞ አቃተኝ፣ ሳቄ መጣ።"

እኔም ሳቅኩ። ማስተዋል ጭቃውን መርገጥ አቆመች፣ ጆሮዋ እኛ ጋ ነው።

ውሃ በጣሳ ሰጠችኝ። ስቀበል ዓይኗ ከእጄ አልተነሳም። ጠጣሁ፣ እስከ ታች ጨለጥኩት። ቀጥሎ ያለችኝ ነገር ከጆሮዬ አይወጣም፦

"እሺ፣ ትምጣ። ቅዳሜ እኔም መጥቼ ከበሩ ውጭ እቆማለሁ። ልጄን ለብቻዋ ሳህን ይዛ ያየኋት እንደሆነ እጇን ይዤ እወስዳታለሁ። ከዚያ በኋላ እኔም አልልክ፣ አንቺም አትምጪ።"

እንዲህ ነው መነጋገር! ድንቄም ለሷ የሚያዝኑ ሽማግሌዎች! ዳገቱን ስወጣ ለራሴ ጮክ ብዬ ማልኩ፦ እኔ ቆሜ እያለሁ ያቺ ልጅ ለብቻዋ አትቀመጥም። አንድ አህያ የሚነዳ ሰውዬ ዘወር ብሎ አየኝና "ከማን ጋር ነው?" አለኝ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 5

ወይ ጉድ! ወይ የዛሬው ጉድ!

ዛሬ ማስተዋል መጣች። በእረፍት ሰዓት ጅቦቹ ተሰብስበው ጩኸታቸውን ሲለማመዱ አየሁና ደስ አለኝ። ደስታዬ አልቆየም። ከሰዓት ናቲ ቀረ፣ ቆይቶ አንዲት የጎረቤታቸው ልጅ እየሮጠች መጣችና "ቲቸር፣ ናቲ ተበላ!" አለችኝ። ክፍሉን ለሌላ መምህር ትቼ ሮጥኩ።

የእናኑ ቤት ሰው ሞልቷል። ናቲ መደቡ ላይ ሆዱን ይዞ ይንፈራገጣል። አፍንጫው ሥር ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም ይዘውበታል። እናኑ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ታለቅሳለች። አንድ ጎረቤት ሽማግሌ ከራስጌው ቆመው ያስለፈልፋሉ። ቡዳ የበላው ሰው የበላውን ሰው ስም ራሱ ይናገራል ይባላል፤ ስሙ ከወጣ ደግሞ ወዮለት። ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ የሚጠብቀው አንድ ስም ነበር። እኔም አውቄዋለሁ። 

"ተናገር!" አሉ ሽማግሌው። "ማን ነው የበላህ?"

ናቲ አቃሰተ።

"ማን ነው የበላ? ተናገር!"

"እኔ ነኝ!"

ሴቶቹ አማተቡ። መንፈሱ መናገር ጀመረ ብለው ነዋ!

"አንተ ማን ነህ?"

"ናቲ ነኝ!"

"ምን በላህ?"

"ሽምብራ! እሸት! ከነገለባው ነው የበላሁት! ሁለተኛ አልበላም!" አለና ሽማግሌው እግር ላይ አስመለሰ። አረንጓዴ ነው፣ ሌላ ምስክር አያስፈልገውም። ምሳ ሰዓት ላይ መንገድ ዳር ካለ ማሳ ገብቶ እንደ ጥጃ ሲግጥ ነው የዋለው።

ሳቄን መያዝ አልቻልኩም። መሳቅ አልነበረብኝም፣ ልጁ ታሞ ነው፣ ግን ፈርቼ ስለነበር እየሳቅኩ እንባዬ መጣ። እናኑ "ትስቂያለሽ? በልጄ ትስቂያለሽ?" ብላ ጮኸችብኝ። ናቲን አቅፌ ባጃጅ ውስጥ አስገባሁት፣ እሷም ተከትላ ገባች፣ ጤና ጣቢያ ወሰድነው። ነርሷ ሆዱን ዳበስ ዳበስ አድርጋ "ውሃ ይጠጣ፣ ከሰው ማሳ ይውጣ" አለች።

በቃ ተገላገልን ብዬ ነበር። ስንመለስ እናኑ ባጃጁ ውስጥ ልጇን ደረቷ ላይ አስደግፋ ምን አለችኝ? "ሽምብራ ስንት ጊዜ በልቶ ያውቃል። ዛሬ ለምን ጎዳው?"

ናቲ ዓይኑን ሳይገልጥ "ዛሬ ብዙ ነዋ" አለ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 6

ድካም። የሰው ወሬ።

ከነብሮቹ ሁለት ወላጆች ልጆቻቸውን አስወጥተዋል። ጭራሽ ከማስተዋል ስድስት ያልሆኑትን! አንድ ግቢ ውስጥ መጮህም ያስፈራል ማለት ነው።

ጋሽ አዳሙ ዘበኛውን ልከው "ሳህኑን እንዳትረሺ" አሉኝ። "ለጋሼ ንገራቸው" አልኩት፣ "አንድ ዳቦ፣ አንድ ትሪ፣ አንድ አለቃ። ያልተስማማው ከቤቱ ይዋል።" ከሄደ በኋላ ነው የደነገጥኩት። ለሽማግሌ እንዲህ ተብሎ አይላክም። ቢሆንም አልጸጸትም።

ለነገ፦
ገመድ፣ ለባንዲራው።
ትሪ ከእድሩ። (ተፈቅዷል።)
የናቲ ስካርፍ ይታጠብ፣ ሽምብራ ነክቶታል።
የአንበሶቹ፣ የንስሮቹና የነብሮቹ ዳቦ በወላጆች ተይዟል።
የጅቦቹ ዳቦ?

ከጅቦቹ እናቶች አንዷም እሺ አላለችኝም። አንዷ እሳት የላትም፣ አንዷ እርሾ የላትም፣ አንዷ ስታየኝ መንገድ ቀየረች። እትዬ ዘቢደርን ብጠይቃት ትጋግር ነበር፣ ግን ያን ጊዜ አምስቱም ልጆች ይቀራሉ። እዚህ ላይ ፈራሁ። እውነቴን ነው፣ ደፋር ነኝ ብዬ እዚህ ደብተር ላይ መዋሸት አልፈልግም።

ቤት ገብቼ ሊጥ ላቦካ ዱቄት ስፈልግ እማዬ ከእጄ ቀማችኝ። "አንቺ የጋገርሽውን ጅብም አይበላው። ነገ ሥላሴ ነው። ለሥላሴ ነው የምጋግረው፣ ላንቺ አይደለም።"

"ማን እንደሚቆርሰው ታውቂያለሽ?"

"ከደጄ ከወጣ በኋላ የሥላሴ ነው አልኩሽ!"

ኮባ ቅጠል ፍለጋ ጓሮ ወጣች። ቦርሳዬን ፈተሽኩ፤ ጤና አዳሙ በአዲስ ተተክቷል።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 7። ሥላሴ።

እጄ ደክሟል፣ ግን ሳልጽፍ አላድርም።

ጠዋት ሃያ ሁለት ልጆች ተሰለፉ። ከጅቦቹ አንድም አልቀረም! ናቲም አለ፣ ገርጥቷል። እናኑ አጠገቡ ቆማ በፌስታል የሆነ ነገር ይዛለች። ጋሽ አዳሙ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ፊት ለፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ከሽቦው በር ውጭ እትዬ ዘቢደር ነጠላዋን አጣፍታ ቆማለች። ግቢ አልኳት በእጄ። ራሷን ነቀነቀች።

ስድስቶቹ በየተራ ቃል ገቡ። አንበሶቹ አገሱ፣ ንስሮቹ ክንፋቸውን ዘረጉ። የጅቦቹ ተራ ሲደርስ ማስተዋል አንድ እርምጃ ወጣች፣ አገጯን ቀና አደረገችና "አዉዉ" አለች። አምስቱ መለሱ። የሰፈር ውሻ ሁሉ አብሮ ጮኸ። ከወላጆቹ የሳቀም አለ፣ ያማተበም አለ።

ከዚያ ዳቦው ቀረበ። ጋሽ አዳሙ ተነስተው እንደ ወጉ መረቁ፦ "ሥላሴ ይባርኩት፣ ቆርሰን ከመስጠት አያጉድለን።" አሜን አልን። አራቱም ዳቦ በእሳቸው አፍ ተባርኮ በየትሪው ተቀመጠ።

ያኔ እናኑ ፌስታሏን ፈታች። ሳህን ነው። ለናቲ እጁ ላይ አስጨበጠችውና በጆሮው የሆነ ነገር አለችው። እሱ ግን ዓይኑ ዳቦው ላይ ነው፣ እንኳን የእናቱን የመልአክም ቃል አይሰማም። ሳህኑን ይዞ ወደ ትሪው ሲሄድ አየሁ። በሩን አየሁ። እትዬ ዘቢደር የሽቦውን በር ይዛለች። አለቀ አልኩ በልቤ፣ ለሷ ያሉትን ሳህን በሱ በኩል አመጡት፤ ልጅቷን ለብቻ ማድረግ ቢያቅታቸው ልጁን ከልጅቷ መለየት። ልጮህ አፌን ከፈትኩ።

ናቲ ትሪው ጋ ደርሶ ሳህኑን ለማስተዋል ዘረጋላት። "አለቃ፣ ለእንግዳው ቁረሺ!"

ያ ሆዳም፣ ያ የተባረከ ልጅ! ሳህኑ ለጋሽ አዳሙ የመጣ መስሎታል! ትሪ ላይ የማይበላው እንግዳ ብቻ ነው፣ ታዲያ ሳህን ለማን ይሆናል?

ማስተዋል ድፎውን በሁለት እጇ ያዘችና ገመሰችው። ጥፍሯ ሥር አሁንም ቀይ ጭቃ አለ፤ አይለቅም። ትልቁን ቁራሽ ሳህኑ ላይ አደረገች። ናቲ እየተንደረደረ ወስዶ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ለጋሽ አዳሙ ሰጣቸው። "ጋሼ፣ ከጅቦቹ ነው።"

 ጋሽ አዳሙ ዳቦውን አዩ። የባረኩት እሳቸው ናቸው። የሥላሴ ጸበል ጸዲቅ ነው፤ እንዲህ ያለ ዳቦ አይመለስም፣ በዚህ አገር የሚመልስ ሰው የለም። እኔን አዩኝ። እኔም ዓይኔን አልሰበርኩም፤ በልቤ ግን ሥላሴን እየለመንኩ ነበር።

ቆረሱ። ጎረሱ። ቀስ ብለው አላመጡ፣ ጢማቸው እየተንቀሳቀሰ። ዋጡ።

"ጨው ትንሽ አንሷታል" አሉ።

እማዬ ከኋላዬ "ምንም አላነሳት!" ብላ ተቆጣች። መምጣቷንም አላወቅኩም ነበር!

ግቢው ሁሉ ሳቀ። ስንዞር ናቲ ትሪው ጋ ተመልሶ ጉንጩ ሞልቷል፣ ማስተዋል ለአምስተኛው ልጅ እየቆረሰች ነው። እናኑ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች። ልጇን ለመጎተት አንድ እርምጃ ሄደች፣ ጋሽ አዳሙ ሲያኝኩ አየች፣ ቆመች።

ወደ በሩ ሄድኩ። እትዬ ዘቢደር ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ይዛለች። "ለብቻዋ ናት?" አልኳት። በሩን አልፋ ገባች። ወንበር ሰጠኋት፣ አልተቀመጠችም፤ ዛፉ ሥር ቆማ ልጇ እስክትጨርስ አየቻት።

በኋላ መምህራን ባልደረቦቼ እየመጡ "እኛ እኮ ድሮም ካንቺ ጋር ነበርን" አሉኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!

እሑድ፣ ታኅሣሥ 8

ሁሉም ነገር ተቃና ብዬ አልጽፍም። ጠዋት ደጀ ሰላም ላይ ሁለት ሴቶች ሰላምታዬን ነፈጉኝ። የወጡት ሁለቱ ነብሮች አልተመለሱም። ጋሽ አዳሙ ከቅዳሴ ሲወጡ አገኙኝና "ስሙን ግን ብታስቢበት" አሉ። አሰብኩበት፣ ጅብ ነው አልኳቸው። በከዘራቸው መሬቱን መታ መታ አድርገው አለፉ።

እናኑ ቀጣዩ ቅዳሜ ናቲን ትልክ ይሆን? አላውቅም። ትናንት ሳህኗን አጥባ ይዛ ስትሄድ ዞር ብላም አላየችኝ።

ስመለስ በእነሱ አጥር በኩል አለፍኩ። መንገዴ አይደለም፣ ግን አለፍኩ። ከውስጥ የናቲ ድምፅ "አዉዉ!" አለ። "ዝም በል አንተ! ጎረቤት ምን ይላል?" አለች እናኑ። ዝም አለ። እኔም ልሄድ ስል ደግሞ ሌላ "አዉዉ" መጣ፤ ቀስ ያለ፣ አፍ ላይ እጅ የተደረገበት፣ ለልጅ ጉሮሮ ወፈር የሚል። ናቲ በሳቅ ፈነዳ።

እናኑ ናት ብዬ አልምልም፣ ዛሬ ሰንበት ነው። ብቻ ግራና ቀኝ አየሁ፣ መንገዱ ላይ ሰው የለም። ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ መለስኩላቸው።